የትናንቱን በረዶ ካርታ ላይ መፈለግ

የአየር ጠባይ ካርታ በስልኩ የከፈተ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው የነገን ነው። ይዘንባል? በረዶ ይጥላል? ውርጭ ይወርዳል? ይህ መመሪያ ግን ከትናንት ይጀምሩ ይላል። የነገውን የሚናገር ካርታ ልክ ይሁን አይሁን ዛሬ ማወቅ አይችሉም፤ ያለፈውን ለሚናገር ካርታ ግን ምስክሩ እርስዎ ራስዎ ነዎት። በወሎ ደጋ፣ ፍላቂትና ገረገራ፣ ደብረ ዘቢጥና ጋሸና የሚኖር ሰው ባቄላው በበረዶ የረገፈበትን ቀን፣ ገብሱ ሳያፈራ በውርጭ የነጣበትን ሳምንት፣ በልጉ ቀርቶ ዘሩ ጎተራ ውስጥ የከረመበትን ዓመት አይረሳም። ካርታው ያንን ቀን እንዴት እንዳየው፣ ወይም ጨርሶ እንዳላየው መርምሮ የደረሰበት ሰው የካርታውን ጠባይ አወቀ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ነገ ሲነግረው የቱን አምኖ የቱን እንደሚጠራጠር ያውቃል።

ይህ ቅደም ተከተል ለምን እንደሚያስፈልግ የአሜሪካን ምሳሌ ማየት ይጠቅማል። እዚያ ማንም ሰው ካርታ ከፍቶ በአንድ አውራጃ ላይ የነፈሰውን አውሎ ነፋስ እ.ኤ.አ. ከ1950፣ የወረደውን በረዶ ደግሞ ከ1955 ጀምሮ በነጥብ በነጥብ ሊያይ ይችላል። ነጥቡ የተተከለው ግን በአብዛኛው ሰው አይቶ ስለ ተናገረ ነው። ወደ 160 የሚጠጉ ራዳሮች ሰማዩን ይቃኛሉ፤ ቢሆንም በረዶው መሬት ደርሶ ምን እንዳደረሰ የሚመሰክረው ገበሬው፣ ፖሊሱ፣ በጎ ፈቃደኛው ታዛቢ ነው። ስለዚህ ነጥቦቹ ከተማና መንገድ ባለበት ይበዛሉ፤ ሰው በሌለበት ሜዳ ይሳሳሉ። ራዳር በሞላበት አገር እንዲህ ከሆነ፣ መቄት ወይም ላስታ ላይ ካርታው ባዶ ሆኖ ሲገኝ «እዚህ በረዶ አይወርድም» ብሎ መተርጎም ትልቅ ስሕተት ነው። ባዶው «እዚህ የጻፈ የለም» ማለት ነው። ካርታ የሚያሳየው የታየውን እንጂ የሆነውን ሁሉ አይደለም። ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ ከዚህ ይነሣል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ከስልክ ጋር አይገናኝም፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ነው የሚጠይቀው። የሚያስታውሱትን አንድ ክፉ ቀን ይምረጡ፤ ቢቻል ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የሆነ፣ ጎረቤት የሚያረጋግጠው ይሁን። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ከየት ተነሥቶ እስከ የት እንደ ደረሰ፣ ምን እንዳጠፋ ይጻፉ። ቀኑ ከጠፋብዎ በዓል ይፈልጉለት፤ «ከቡሄ ማግሥት» ወይም «ለፍልሰታ ጾም በገባን በሳምንቱ» ማለት ለካርታ ፍለጋ በቂ መነሻ ነው። ቀጥሎ ወደ ካርታው አቆጣጠር ይለውጡት፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ካርታዎቹ የሚሠሩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ሐምሌ 1 የእነሱ ጁላይ 8፣ ሐምሌ 25 ኦገስት 1፣ ቡሄ ማለትም ነሐሴ 13 ኦገስት 19 ነው። ሰዓቱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ዩቲሲ በሚባለው ዓለም አቀፍ ሰዓት ይጻፋል፤ የእኛ ሰዓት በቁጥር ሲታይ ከእሱ በ3 ያንሳል። ካርታው 12 ካለ እኛ ዘንድ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው፤ 6 ካለ ከጠዋቱ 3 ሰዓት። ቀንሰው ከ12 በላይ ከመጣ ሌላ 12 ይቀንሱ፤ ካርታው 18 ሲል ከምሽቱ 3 ሰዓት ይሆናል። የሌሊት ዝናብ ላይ ቀኑም ይዛነፋል፦ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የጣለ ዝናብ በካርታው ላይ የሚገኘው ባለፈው ቀን 23 ሰዓት ላይ ነው። ይህን ያልለወጠ ሰው ትክክለኛውን ካርታ ከፍቶ የተሳሳተ ሰማይ ያያል።

ሁለተኛው ሥራ ቦታን ማግኘት ነው። ላሊበላ ወደ 12 ዲግሪ ሰሜንና 39 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ስለሚገኝ መነሻ ያድርጉት፤ ከዚያ ወደ ደቡብ ወርደው ጋሸናን፣ ከጋሸና ወደ ነፋስ መውጫ የሚሄደውን መንገድ ተከትለው ፍላቂትን ያግኙ። አሁን ካርታውን እስኪሰበር ድረስ ያቅርቡት። ቀለሙ ወደ ትልልቅ አራት ማዕዘኖች ይለወጣል። የእያንዳንዱ አራት ማዕዘን ጎን ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ ማወቅ የግድ ነው። ቺርፕስ የሚባለው የዝናብ መዝገብ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የናሳ የግማሽ ሰዓት ዝናብ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ፤ የአውሮፓው የትንበያ ማዕከል ሞዴል 9 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሜዳ አገር ላይ ይህ ብዙ አያሳስብም። የመቄት መሬት ግን ገደል ነው፤ ውሃው በሰሜን ወደ ተከዜ፣ በደቡብ ወደ ዓባይ ገባሮች የሚከፈልበት አምባ ነው። አንድ አራት ማዕዘን ውስጥ ገብስ የሚዘራበት ደጋና ማሽላ የሚዘራበት ቆላ አብረው ይገባሉ፤ ካርታውም ሁለቱን ደምሮ አማካዩን ይሰጣል። ያ አማካይ የደጋውም የቆላውም አይደለም። ስለዚህ የቆሙበት አራት ማዕዘን ገደሉን የሚያቋርጥ ከሆነ ጎኑ ያሉትንም ይመልከቱ፤ በሰሜኑና በደቡቡ መካከል ልዩነት ካለ የእርስዎ ቀበሌ ወደ የትኛው እንደሚያዘነብል እርስዎ ከካርታው የበለጠ ያውቃሉ።

ሦስተኛው የረጅሙ ዘመን ዝናብ ነው፤ ካርታዎች ይበልጥ የሚታመኑትም በዚህ ነው። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ከአሜሪካው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የአየር ንብረት ተቋም ጋር፣ በኢትዮጵያዊው ተመራማሪ በቱፋ ዲንቁ መሪነት በተሠራው ኢናክትስ በተባለ ሥራ፣ የጣቢያዎችን ልኬት ከሳተላይት ግምት ጋር አዋሕዶ በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ የዝናብ ታሪክ አዘጋጅቷል። ሥራውን የወለደው ችግር ራሱ ማስተዋል ይገባዋል፦ የዝናብ ጣቢያዎቻችን በአብዛኛው የተተከሉት በከተማና በመንገድ ዳር ነው፤ ከመንገድ የራቀው ገበሬ ዝናቡ አይለካም። ሳተላይቱ የገባው ያንን ክፍተት ሊሞላ ነው። ከዚሁ ጎን የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ባርባራ የሚያወጣው ቺርፕስ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ያለውን ዝናብ ይዟል፤ ፊውስ ኔት የተባለው የረሃብ ማስጠንቀቂያ አገልግሎት ባዘጋጀው ካርታ ላይም ይገኛል። ፊውስ ኔት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው፤ የወሎና የትግራይ ረሃብ ዓለምን ባስደነገጠ ማግሥት። ስለዚህ ይህ ካርታ ለዚህ አገር ባዕድ አይደለም፤ የተወለደው ከዚሁ ሰቆቃ ነው።

ሲከፍቱት መጀመሪያ እ.ኤ.አ. 1984ን፣ ማለትም የ1976ን ክረምት ይፈልጉ፤ ቀጥሎ እ.ኤ.አ. 2015ን፣ ማለትም የ2007ን ክረምት። ሁለተኛው በኤልኒኞ የተመታው፣ በመላ አገሪቱ 10.2 ሚሊዮን ሰው እርዳታ ያስፈለገው ድርቅ ነው። ካርታው እነዚህን ሁለት ዓመታት በእርስዎ ቦታ ደረቅ አድርጎ ካሳየ በትልቁ ነገር ይታመናል። አሁን ወደ ትንሹ ይውረዱ፦ አካባቢው ብቻ የሚያስታውሳቸውን ክፉ ዓመታት አንድ በአንድ ያነጻጽሩ። እዚህ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው «ከመደበኛው በመቶኛ» የሚለው ካርታ ነው። በበጋ ወር መደበኛው 2 ሚሊ ሜትር በሆነበት ቦታ 5 ሚሊ ሜትር ቢጥል ካርታው 250 በመቶ ብሎ አረንጓዴ ይቀባዋል፤ መሬቱ ግን አቧራ ነው። በበጋና በበልግ መግቢያ ላይ «ልዩነት በሚሊ ሜትር» የሚለውን ይምረጡ። ሁለተኛው የወቅቱ ድምር ነው። ድምሩ መደበኛ ሆኖ ዝናቡ ዘግይቶ ገብቶ፣ ቶሎ ወጥቶ፣ መሐል ላይ በዶፍ የወረደ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የ10 ቀኑን ድምር በተከታታይ ይመልከቱ። በላስታ ደጋ ያለው ሥዕል በአብዛኛው ጁላይና ኦገስት ተራራ ሆነው ቆመው በሴፕቴምበር የሚወርዱበት ነው፤ ቡሄ ካለፈ ክረምት አበቃ የሚለውን የአበው አነጋገር በራስዎ ቀበሌ መዝገብ ላይ አስቀምጠው በየትኛው ዓመት እንደ ሠራ፣ በየትኛው እንዳልሠራ መቁጠር ይችላሉ።

አሁን ወደ ከባዱ፣ ወደ በረዶና መብረቅ እንምጣ። ደጋው በረዶ የሚበዛበት ምክንያት ግልጽ ነው። በሐሩር ክልል አየሩ ዜሮ ዲግሪ የሚደርሰው ወደ 5,000 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ቆላ ላይ የሚወርድ በረዶ በአብዛኛው መንገድ ላይ ቀልጦ ውሃ ሆኖ ይደርሳል፤ 3,000 ሜትር ላይ ያለ ማሳ ግን በረዶው መቅለጥ ከሚጀምርበት ከፍታ የሚርቀው 2,000 ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ በረዶው እንዳለ ይመጣል። ሆኖም ይህ በረዶ በአንድ ወንዝ ማዶ ወርዶ ወዲህ ማዶ የማይወርድ፣ ጠባብ ነገር ነው። የትኛውም የዝናብ ካርታ በረዶ ብሎ አይጽፈውም። ማየት የሚቻለው የወለደውን ደመና ነው። ለዚህ ብዙዎች ወርልድቪው የተባለውን የናሳ ካርታ ከፍተው የቀኑን ፎቶ ያያሉ፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሲያገኙት «ሳተላይቱ ዋሸ» ይላሉ። አልዋሸም። እነዚያ ሳተላይቶች የሚያልፉት ረፋዱ ላይና ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ የደጋው ነጎድጓድ የሚበረታው ከዚያ በኋላ ነው። የሚያስፈልግዎ በአንድ ቦታ ቆሞ የሚያየው ሳተላይት ነው። የአውሮፓው ሜቴዎሳት 12፣ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022 የመጠቀው፣ አፍሪካን በየ10 ደቂቃው ያነሣል፤ የሳተላይቱ ባለቤት ኢዩሜትሳት ለሕዝብ በነጻ በከፈተው ካርታ ላይ ያገኙታል። «ኢንፍራሬድ» የሚለውን ንብርብር ይምረጡ፤ የደመናውን አናት ሙቀት ያሳያል። አናቱ ከዜሮ በታች 60 እና 70 ዲግሪ የወረደ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከምንም ተነሥቶ ያበጠ ደመና ካገኙ የሚፈልጉት እሱ ነው። ይኸው ሳተላይት የመብረቅ ብልጭታ የሚቆጥር መሣሪያም ይዟል። ብልጭታው ደመና ውስጥ ይቅር መሬት ይምታ ግን አይለይም፤ ስለዚህ ነጥቡን «እዚህ ዛፍ ተመታ» ብለው አያንብቡ፤ «ደመናው በዚህ ሰዓት ጉልበት ነበረው» ብለው ያንብቡ። ከጻፉት ሰዓትና ድንበር ጋር ከገጠመ በረዶዎን አግኝተዋል።

ውርጭ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ደመና በሌለበት፣ ነፋስ በረጋበት የጥቅምትና የኅዳር ሌሊት ይመጣል። የአውሮፓው የትንበያ ሞዴል የሚሰጠው ከመሬት 2 ሜትር ከፍ ብሎ ያለውን ሙቀት ነው፤ ለዚያውም የ9 ኪሎ ሜትር አማካይ። ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ወደ ጎድጓዳ ስለሚወርድ፣ ካርታው 4 ዲግሪ ባለበት ሌሊት የወንዝ ዳር ማሳ ነጭ ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ትምህርቱን ከአሮጌ ሌሊቶች መውሰድ ነው። ውርጭ የመታባቸውን ሦስት አራት ሌሊቶች ፈልገው በእያንዳንዱ ካርታው ስንት ዲግሪ ብሎ እንደ ነበር ይጻፉ። 3፣ 4፣ 3 ብሎ ከነበረ፣ ለእርስዎ ማሳ የውርጭ ምልክቱ ዜሮ ሳይሆን 4 ነው። ይህ ቁጥር በየትኛውም መጽሐፍ አይገኝም፤ የእርስዎ ማሳ ብቻ ነው።

ጉዳቱን ለማየት ሴንቲኔል 2 የተባለው የአውሮፓ ሳተላይት አለ። አራት ማዕዘኑ 10 ሜትር ብቻ ስለሆነ ማሳን ከማሳ ይለያል፤ በየጥቂት ቀኑ ይመለሳል፤ ኮፐርኒከስ በተባለው የአውሮፓ ካርታ ላይ በነጻ ይታያል። በረዶው ከመውረዱ በፊት ያለውን ቀንና ከወረደ በኋላ ያለውን ጎን ለጎን ያድርጉ፤ የተመታው ሰብል አረንጓዴነቱ ይወርዳል። የክረምት ደመና ስለሚጋርደው ንጹሕ ምስል ለማግኘት ሁለት ሦስት ሳምንት መጠበቅ ሊኖር ይችላል።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ይነሣል፤ ሁለቱም ክብደት አላቸው። የመጀመሪያው «አባቶቻችን ሰማዩን አይተው ያውቁ ነበር፤ ከስልክ ምን እንማራለን?» የሚል ነው። አባቶች የሚያውቁት እውነት ነው፤ የቦታ ስም እንኳ መዝገብ ነው፤ ነፋስ መውጫን ነፋስ መውጫ ያለው ሰው ነፋሱን ሳይለካ አልቀረም። ካርታው ይህን ዕውቀት የሚተካ ሳይሆን ያለ እሱ የማይሠራ ነው። የዚህ ማስረጃ ቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በትግራይ አዲ ሃ ውስጥ 200 አባወራዎችን ይዞ የተጀመረው ሃሪታ የተባለ የሰብል መድን፣ ካሳ የሚከፍለው ሳተላይት በለካው ዝናብ ነበር። ውሉን ያዘጋጁት ተመራማሪዎች ገበሬዎቹን ክፉ ዓመታታቸውን እየጠየቁ ከሳተላይቱ መዝገብ ጋር ያመሳክሩ ነበር። ሳተላይቱ ጥሩ ያለው ዓመት ገበሬው ክፉ ያለው ከሆነ ካሳ የሚገባው ሰው ባዶ እጁን ይቀራል። የአበው ትዝታ እዚያ ላይ የመለኪያው መለኪያ ሆነ። ትዝታ በበኩሉ የሚሳነው ነገር አለ፦ ስፋትን አያይም። በረዶው የእርስዎን ማሳ ብቻ መታ ወይስ እስከ ዋድላ ዘለቀ? የተከዜ ውሃ የሞላው እዚህ በጣለው ነው ወይስ ላይ ላስታ ውስጥ? ይህን ካርታው ይመልሳል።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ካርታው እስኪከፈት በረዶው ወርዷል» የሚል ነው። ይህ እውነት ነው፤ መሸፋፈንም አያስፈልገውም። አንድ የነጎድጓድ ደመና ከተነሣ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሥራውን ጨርሶ ሊበተን ይችላል፤ ምስሉ እስኪደርስ፣ ኔትወርኩ እስኪመጣ ጊዜው ያልፋል። ለእረኛ ልጅ የሚያስጠነቅቀው ስልክ ሳይሆን የነጎድጓዱ ድምፅ ነው፤ ከብልጭታው እስከ ድምፁ በየ3 ሴኮንዱ አንድ ኪሎ ሜትር ይቆጠራል፤ ድምፁ ከተሰማ ደግሞ ከዛፍ ሥር መውጣትና ወደ ቤት መግባት ነው። ካርታው የሚጠቅመው ለዚያች ደቂቃ ሳይሆን ከዚያች ደቂቃ በፊትና በኋላ ነው። በፊት፦ የአሥር ክረምት ነጎድጓድ በየትኛው ወርና ሰዓት እንደሚከማች ያወቀ ሰው ከብቱን መቼ ከሜዳ እንደሚመልስ ያቅዳል። በኋላ፦ ጉዳቱን ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ሲያስረዳ የደመናውን ምስል ከነሰዓቱ፣ የማሳውን ምስል ከነቀኑ ይዞ ይቀርባል። በቃል ብቻ ከቀረበ አቤቱታ ይልቅ ይህ ተመዝኖ የሚታይ ነው። የኔትወርኩ ነገር እውነተኛ እንቅፋት ስለሆነ ግንኙነት ባለበት ሰዓት ያገኙትን ሁሉ ስክሪንሾት አድርገው ያስቀምጡ። ካርታዎች ራሳቸውም ይጠፋሉ፤ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያቆም እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 የፊውስ ኔት ድረ ገጽ ተዘግቶ ለወራት አልተገኘም ነበር። እጅዎ ላይ ያለው ቅጂ ብቻ የእርስዎ ነው።

ይህን ሁሉ ካለፉ በኋላ ወደ ነገ ይዙሩ። የሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩቱን ትንበያና ናይሮቢ ያለው የኢጋድ የአየር ንብረት ማዕከል የሚያወጣውን የምሥራቅ አፍሪካ የአደጋ ካርታ መነሻ ያድርጉ። ዊንዲ የተባለውን መተግበሪያ የሚጠቀሙ ከሆነ ታችኛው ጥግ ላይ ሞዴሉን መለወጥ ይቻላል፤ የአውሮፓውንና የአሜሪካውን ለአንድ ቀን፣ ለአንድ ሰዓት ያነጻጽሩ። ሁለቱም ክፉ ነገር ይመጣል ብለው ከተስማሙ ይጠንቀቁ፤ ከተለያዩ ደግሞ በማግሥቱ እንደገና ይዩ። ከአምስት ቀን በላይ ያለውን የዝናብ ቁጥር ለማሳ ውሳኔ አይጠቀሙበት። ከዚያ ጎኑ ቀጥ ያለ አንድ ጣሳ ከዛፍና ከጣራ ራቅ አድርገው ግቢዎ ውስጥ ያስቀምጡ፤ ጣቢያዎች እንደሚያደርጉት በየቀኑ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ በማስመሪያ ስንት ሚሊ ሜትር እንደ ያዘ ለክተው ይድፉት። በደብተር ገጽ ላይ በግራ ካርታው ያለውን፣ በቀኝ ጣሳው ያለውን ይጻፉ፤ በረዶ የወረደ ዕለት የፍሬውን መጠን ከሽምብራ ወይም ከባቄላ ጋር አመሳክረው፣ ሰዓቱንና ከየት እንደ መጣ ጨምረው ያስፍሩ። በሰኔ መጀመሪያ የጀመረ ሰው እስከ መስቀል ድረስ ከመቶ በላይ መስመር ይኖረዋል።